ክዳን ላይ አይለጠፍም

በሥራ ቦታዬ ትክክለኛ ስሜን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «እትዬ ክዳን» ነኝ። ያወጡልኝ ነርሶቹ ናቸው። አልተቀየምኳቸውም፣ የእኔም እጅ አለበት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስልክ እያነሳሁ «ልጄ፣ ስቲከር ክዳን ላይ አይለጠፍም፤ ብልቃጡ ሆድ ላይ ነው የሚለጠፈው» ስል ነው የኖርኩት።

ነገሩ ቀላል ነው። ከሰው ገላ የተቆረጠ ነገር በብልቃጥ ሆኖ ወደ እኛ ላቦራቶሪ ይመጣል። የማን እንደሆነ የሚናገርለት ስቲከሩ ብቻ ነው፤ ሥጋ ተናግሮ ስሙን አይነግራችሁም። ክዳን ደግሞ ይነሳል፣ ይንከባለላል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ስምን ክዳን ላይ መለጠፍ ስምን ኮፍያ ላይ ጽፎ ገበያ መሃል እንደመግባት ነው። ይህን ለአዲስ ነርስ ሁሉ እደጋግማለሁ፤ ሲሰለቻቸው ስም አወጡልኝ።

ድርጅታችን ትልቅ ነው። አሥራ አንድ ሆስፒታል፣ ቁጥሩን ማንም በእርግጠኝነት የማይነግራችሁ ክሊኒክ፣ የራሱ አምቡላንስ፣ የራሱ መድኃኒት ቤት፣ ስትደውሉ የሚያስጠብቃችሁ የራሱ ሙዚቃም አለው። «በሽተኛ» ማለት ተከልክሏል፤ «ደንበኛ» ነው የሚባለው። እኛን ሠራተኞቹን ደግሞ «ቤተሰብ» ይሉናል። እኔ እናቴ ቤት በጣት አሻራ ገብቼ አላውቅም፤ ሦስት ደቂቃ አረፈድሽ ብላም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አልጻፈችልኝም። ደግሞ መዋሸት አልወድም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ሳልሠራ የዋልኩ ቀን እጄ ያሳክከኛል።

የክፍላችን ኃላፊ ታናሽ ወንድሜ የሚሆን ልጅ ነው። በመጣ በሳምንቱ «ቤተሰብ ነን፣ አንተ በይኝ» አለኝ፤ እኔም አልኩት። ከኋላው ግን «ሰከንድ» ነው የምንለው። ግድግዳው ላይ ያንን ትልቅ ስክሪን ያሰቀለው እሱ ነው። አንዱን ናሙና ተቀብለን፣ መዝግበን፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ለማሳለፍ ዘጠና ሰከንድ አለን። በጊዜው ካሳለፍን ስማችን አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲዘገይ ቢጫ፣ ሲያልፍበት ቀይ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት አለቆቹም ያንኑ ስክሪን ያዩታል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የእኛ ስም ሲቀላ የእሱ ፊት አብሮ ይቀላል።

በዚያ ሰሞን የእሱ ምክትል ልሆን ነበር። ደብዳቤው ሰኞ ይፈረማል ተባለ። ለዚህ ወንበር ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ ሁለቴም ብልቃጥ ነክቶ የማያውቅ ሰው ተሹሞብኛል። አሁን የእኔ ተራ ደረሰ ብዬ ባሌን ሳይቀር አዲስ ጫማ አስገዝቼዋለሁ፣ ሹመቱ የእሱ ይመስል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ናሙና የሚያመላልሰው ባለሞተር ከአንድ ክሊኒክ የመጣ ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ውስጡ ሁለት ብልቃጥ አለ። ሁለቱም የጡት ናሙና ነው፤ ሁለት ሴቶች እብጠት ተገኝቶባቸው ካንሰር ይሁን አይሁን ሊታይላቸው በአንድ ቀን የተወሰደ። የሁለቱም ስቲከር ያለው ክዳናቸው ላይ ነው። ቆሽቴ አረረ። ደንቡ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ያሸገችው ነርስ ተጠርታ፣ መጥታ፣ አይታና ፈርማ እስክታስተካክል ድረስ ብልቃጡ አይነካም። ነርሷ እስክትመጣ ግን ግማሽ ቀን ይሄዳል። በዚያ ላይ በመንገድ ፈሳሹ ፈስሷል። ፎርማሊን የምንለው፣ ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ ነው፤ ሥጋው ከሱ ከወጣ ይደርቃል።

ስክሪኑ ላይ ስሜ ቢጫ ሆኗል። «ክዳኑ ገና አልተነሳም፤ ስለዚህ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ፈሳሹን ልጨምርና ስሙን ሆዱ ላይ ልገልብጠው» አልኩ በሆዴ። አንድ በአንድ ባደርገው ኖሮ ምንም አልነበረም። ስሜ ቀይ ሆነ፤ እኔም ሁለቱንም ክዳን በአንድ ጊዜ ከፈትኩ። ይህን ሌላ ሰው ሲያደርግ ባይ ጆሮውን ይዤ ነበር ከክፍሉ የማስወጣው። ፈሳሹን እየቀዳሁ ሳለ ስልኩ ጠራ።

«እትዬ፣ ቀይ ነሽ» አለኝ ሰከንድ።

«ዓይን አለኝ» ብዬ ዘጋሁበት። ክዳኖቹን ገጠምኩ፣ ስማቸውን በአዲስ ስቲከር ገልብጬ ሆዳቸው ላይ ለጠፍኩ፣ አሳለፍኩ። ስሜ አረንጓዴ ሆነና ሌላ ሠላሳ የሚያህል ናሙና ተቀበልኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ አጠገቤ ተቀምጣ የእሷንና የጓደኛዋን ምሳ ዕቃ አጥባ ትከድናለች። አንዱን ክዳን ሞከረች፣ አልገጠመም። ገለበጠችው፣ አሁንም አልገጠመም። «ይሄማ የእሷ ነው» ብላ ሳቀችና በሌላው ከደነችው። ዳቦ በእንቁላል ይዤ ነበር፤ ሳልጎርሰው አስቀመጥኩት።

የእኛ ብልቃጥ ክዳን ሁሉም ለሁሉም ይገጥማል። ስልኩን ላነሳ ስል ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ክዳኖች በክንዴ ገፋ ማድረጌ ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ የቀኙን ለቀኙ ገጥሜው እንደሆነ ባስታውስ፣ ባስታውስ አልመጣልኝም። ቀያይሬው ከሆነ አንዷ ሴት ጤነኛ ጡቷን ትቆረጣለች። ሌላዋ «ደህና ነሽ» ተብላ በሽታዋን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ምሳዬን ትቼ ሥጋው ለምርመራ ወደሚቆራረጥበት ወደ ቆረጣ ክፍል ሮጥኩ። ሥጋው ወጥቶ ማሽን ውስጥ ገብቷል፤ ባዶዎቹ ብልቃጦች በኔው የእጅ ጽሑፍ ጥርት ያለ ስም ሆዳቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ለአሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ይለጠፍ ስል እንደኖርኩት ነበር የተለጠፉት።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ክዳን ላይ ለጥፋ ልካ ልቆጣት ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ማታ ገና እጁን ሳይታጠብ ነገርኩት። የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ።

«ያየሽ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«ሳትቀያይሪው ቀርተሽም ይሆናል።»

«ሳልቀያይረው ቀርቼ ይሆናል፤ ቀያይሬውም ይሆናል።»

«ሹመቱስ?»

«ሰኞ ነው።»

መፍቻውን ጨርሶ ጠረገና ቀና አለ። «አንቺ ዝም ልትይ ብታስቢ ኖሮ ለእኔም አትነግሪኝም ነበር» አለኝ። መፍቻውን አስቀመጠና ደግሞ «ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ በቀለም አይዳፈንም። ባለቤቱ ይቀባል፣ ይቀባል፤ በመጨረሻ ግድግዳው ራሱ ይናዳል» አለ።

«አሁን ቧንቧን ምን አመጣው?»

«ታዲያ እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ?» አለና ሊታጠብ ሄደ። ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። ጠዋት ስነሳ ግን የማደርገው ተቆርጦልኝ ነበር፤ ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት እናገራለሁ፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ።

መናገር ቀላል መስሏችሁ እንዳይሆን። ኮሪደራችን ላይ «ስህተትን መናገር ጀግንነት ነው» የሚል ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጥርሷ ሁሉ የሚታይ ነርስ አለችበት። ዓርብ ጠዋት ከሥዕሉ ሥር ተቀምጬ ኮምፒውተር ላይ የስህተት ማመልከቻውን ከፈትኩ። «ስህተቱን የፈጸመው ማን ነው?» ይላል፤ ከተደረደሩት አንዱን መምረጥ ነው። ሌላ ክፍል። አቅራቢ ድርጅት። ደንበኛ። የመሣሪያ ብልሽት። ከላይ እስከ ታች ሁለቴ ፈለግሁ፣ «እኔ» የሚል የለም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው በሕይወቱ ተሳስቶ አያውቅም ማለት ነው። «ሌላ ክፍል» ብዬ የራሴን ክፍል ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ «የተሳሳተ ምርጫ» ብሎ መለሰልኝ።

ወደ ሰከንድ ቢሮ ገባሁና ቆሜ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቅ አለ፤ ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ቀያይረሻል ወይስ አልቀያየርሽም?»

«አላውቅም።»

«እርግጠኛ ባልሆንሽበት ነገር ነው እንግዲህ ራስሽን የምትከሺው።»

«እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው የመጣሁት። እርግጠኛ ብሆን ኖሮ ራሴ አስተካክለው ነበር።»

«እትዬ፣ ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለቱም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ታመው ሊሆን ይችላል። ያኔ መቀያየሩ ምንም ለውጥ አያመጣም። ሰኞ ደብዳቤሽ ይፈረማል። ያልነደደ እሳት ለምን ታራግቢያለሽ?»

«አንዷ ታማ አንዷ ጤነኛ ከሆነችስ?»

«የታመመችው ትታከማለች።»

«የትኛዋ?»

ስክሪኑን በመስኮቱ አሻግሮ አየና «ይህን ለማንም እንዳይነግሩ» አለኝ። ሁልጊዜ «አንቺ» ነበር የሚለኝ። «እርስዎ» ሲለኝ ነገሩ እንደከረረ ገባኝ። ከቢሮው ወጥቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ደረጃውን ይዤ ወደ ዶክተሯ ወጣሁ።

ዶክተሯ ሥጋውን በማይክሮስኮፕ አይታ ታሟል ወይም አልታመመም ብላ የምትፈርመው ሴት ናት። ጡረታዋ ደርሷል፤ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰው በሳምንት ሁለት ቃል ከሰማት ብዙ አወራች ይባላል። የሁለቱን ሴቶች ስም ስነግራት እጇ ውስጥ የነበረውን ብዕር ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እነዚህን ልፈርም ነበር» አለችኝ። «አንዱ ካንሰር ነው። አንዱ ንጹህ ነው።»

ሳትጋብዘኝ ተቀመጥኩ። በስቲከሮቹ መሠረት የታመመችው አንዲት መምህርት ናት፤ ደህና የሆነችው ልብስ ሰፊ ናት። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችባቸው።

«ሁለቱም ይጠሩ» አለች። «ከጉንጫቸው ውስጥ በጥጥ ትንሽ ይወሰድና ከሥጋው ጋር በዲኤንኤ ይመሳከር። ሌላ መንገድ የለም። ጥጡን የምትቀበዪውም ስቲከሩን የምትለጥፊውም አንቺ ነሽ።»

«እኔ? ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«አንቺ ከእንግዲህ ሁለት ክዳን አብረሽ አትከፍቺም» አለችኝና ወደ ማይክሮስኮፗ ተመለሰች።

እንግዲህ ትልቅ ድርጅት ትልቅ ነውና፣ ሴቶቹን የሚጠራው ሌላ ከተማ ያለ የስልክ ማዕከል ነው። ለየብቻ፣ በተለያየ ሰዓት ይጠሩ ብዬ በጽሑፍ ልኬ ነበር። እነሱ ግን «ሁለት ተመሳሳይ ጥያቄ» ብለው ሁለቱንም ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሯቸው። ሰኞ ጠዋት ከክፍሉ በር ላይ ስደርስ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሴቶች በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ተቀምጠዋል። አንዷ ወጣት ናት፣ ጭኗ ላይ የተማሪ ደብተር ከምራ በቀይ ብዕር ታርማለች። ሌላዋ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ናት፤ የቀሚሷ ደረት ላይ ሁለት መርፌ ከነክሩ ተሰክቷል፣ ከሥራዋ ተነስታ ነው የመጣችው።

ሰከንድ በሩ ላይ ጠበቀኝ። የዶክተሯ ጥያቄ ዋናው መሥሪያ ቤት ደርሷል፤ በአንድ እጁ ከዚያ የተላከ ወረቀት ይዟል፤ በሌላው ክላሰር።

«ይህን ብቻ ነው የምታነቢላቸው» አለኝ ወረቀቱን እየሰጠኝ። ከዚያ ክላሰሩን ከፈት አድርጎ አሳየኝ። የሹመት ደብዳቤዬ ነው፤ ስሜ ከነአባቴ ተጽፎበታል፣ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። «ከወረቀቱ አትውጪ፣ እትዬ። ስለራስሽ ብለሽ።» እየለመነኝ ነበር፤ እሱንም አለቆቹ እንዳዘዙት ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ልብስ ሰፊዋን ስጠራ ወጣቷም ተነሳች። «እኔም ሦስት ሰዓት ነው የተባልኩት» አለች። ተያዩ። አንደኛዋን ብመልሳት ለምን እንደመለስኳት ልዋሻት ነው። ሁለቱንም አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሰከንድም ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። «ክቡር ደንበኛችን፤ አገልግሎታችንን በየጊዜው ለማሻሻል በምናደርገው ጥረት...»

«ስልክ ላይም ይህንኑ ነው ያሉኝ» አለች መምህርቷ። «ውጤቴ ዛሬ ነበር መድረስ የነበረበት። ምንድን ነው የምታሻሽሉት?»

ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ካላልኩት መቼም እንደማልለው አውቄዋለሁ።

«ይሄ የተጻፈው እውነት አይደለም» አልኳቸው። «ሐሙስ ዕለት የሁለታችሁ ብልቃጥ እኔ ጋ መጣ። ስማችሁ ያለው ክዳኑ ላይ ነበር። እኔ ቸኩዬ ሁለቱንም ክዳን በአንድ ጊዜ ከፈትኩ። ስገጥመው አቀያይሬው ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ውጤት ሳይነገራችሁ በፊት የማን የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ለዚህ ነው የተጠራችሁት። ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም የለበትም።»

ሰከንድ ክላሰሩን ዘጋ፤ ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

መምህርቷ ቀዩን ብዕር እንደያዘች ቆማለች። «መቀያየሩ የሚያስፈራ ከሆነ አንዳችን ታመናል ማለት ነዋ» አለች። ልጅቷ አስተዋይ ናት፤ ምን ልበላት። ያንን መናገር የዶክተሯ ድርሻ መሆኑን ነገርኳት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አላለቀሰችም። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ልኬን የምትወስድ ይመስል። «እኔ እንኳ» አለችኝ ረጋ ብላ፣ «የሁለት ሰው ጨርቅ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አልዘረጋም።»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያ የገባብኝ ስድብ የለም። «እውነትሽን ነው፣ እህቴ» ከማለት በቀር ምንም አልመለስኩም።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። መጀመሪያ የመምህርቷን። ቱቦውን አንስቼ፣ ጥጡን አስገብቼ፣ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ጮክ ብዬ አንብቤ፣ ሆዱ ላይ ለጥፌ፣ «አንብቢውና አረጋግጪልኝ» ብዬ በእጇ ሰጠኋት። ስትመልስልኝ ቆልፌ አስቀመጥኩትና እጄን ታጠብኩ። ጠረጴዛው ባዶ መሆኑን ካየሁ በኋላ ነው የልብስ ሰፊዋን ቱቦ ያወጣሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብን። ስንወጣ ስክሪኑ ላይ ስሜ ደም መስሏል። ሁለቱ ሴቶች ወደ አግዳሚው ተመለሱ፤ ልብስ ሰፊዋ በዚህኛው ጊዜ በመሃል ያለውን ባዶ ቦታ አልተወችም፣ ልጅቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

ረቡዕ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ሁለት ክዳን በአንድ ጊዜ ስለመክፈቴ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ደብዳቤው «ከተፈቀደው ጽሑፍ ውጭ ለደንበኛ መረጃ በመስጠት» ይላል። ጉድ እኮ ነው፤ ጥፋቴን አልፈውት በእውነቴ ቀጡኝ። ሹመቱ ቀረ፤ ከናሙና መቀበያ ተነስቼ ምድር ቤት መጋዘን ባዶ ብልቃጥ እንዳድል ተመደብኩ። አሥራ ሰባት ዓመት በሠራሁበት ክፍል፣ ስክሪኑ ላይ በማግሥቱ የሌላ ሰው ስም ወጣ። ደረጃውን ስወርድ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል፣ ያንን ወንበር ፈልጌው ነበር። ባሌ ማታ «ጫማውን ልመልሰው?» ሲለኝ ነው መልሼ የሳቅሁት።

መጋዘኑ መስኮት የለውም። ብልቃጥ በካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ክሊኒኮቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከዚያ ነው የሚወስዱት። የመጀመሪያውን ካርቶን ከፍቼ አንዱን ብልቃጥ አየሁት። ክዳኑ ነጭና ለጥ ያለ ነው፣ ስቲከር ለጥፉብኝ የሚል። ሆዱ ላይ ምንም የለም። ከኪሴ የማይለቅ ወፍራም ጥቁር ብዕር አወጣሁና ሆዱ ላይ «ስም እዚህ» ብዬ ጻፍኩ። ክዳኑ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ኤክስ አደረግሁበት። ከዚያ ቀጣዩን አነሳሁ። ባለሞተሩ ሊወስድ መጥቶ ሲያየኝ «እትዬ ክዳን፣ ስንት ነው ያለው?» አለኝ። «ስድስት ሺህ» አልኩት። «አብዳለች» ብሎ የደረሰለትን ካርቶን ተሸክሞ ሄደ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ዶክተሯ ስልክ ደወለችልኝ። «ነይ» ብቻ ነው ያለችኝ። ስደርስ ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። ተቀያይሯል። ካንሰሩ የልብስ ሰፊዋ ነው። መምህርቷ ምንም የለባትም። ዝም ብል ኖሮ የዚያች ልጅ ጡት ተቆርጦ ነበር። ሴትዮዋም መርፌዎቿን ደረቷ ላይ ሰክታ ደህና ነኝ ብላ ወደ ሱቋ በሄደች።

ሁለቱም ለዚያው ቀን ተጠርተው ነበር፤ መምህርቷ ቀድማ ዶክተሯ ጋ ገብታ ወጣች። ደህና ነሽ ተብላ እንኳ አልሳቀችም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የሌላዋን መውጣት ጠበቀች። ልብስ ሰፊዋ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየች። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አገኘችኝ፤ ልሸሽ አልፈለግሁም።

«ተቀያይሮ ነበር አለችኝ» አለች።

«አዎ።»

«ዝም ብትይ ኖሮ ደህና ነሽ ብለው ይሸኙኝ ነበር።»

«አዎ።»

ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «አልዋሽሽም፤ ውስጥ ሆኜ ለአንድ አፍታ ምነው ዝም ባለች ብያለሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አሁን ግን ይሁን። ክፉም ቢሆን የራሴ ነው። ቶሎ ተደርሶበታል ብላኛለች ዶክተሯ። ማክሰኞ ይቆርጡልኛል።»

መንገዱን ልለቅላት ዞር አልኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ሲቆርጡልኝ ብልቃጥ ውስጥ ነው የሚያስገቡት አይደል? ማን ነው የሚለጥፈው?»

«እኔ አይደለሁም» አልኳት። «አንስተውኛል። ምድር ቤት መጋዘን ነኝ አሁን።»

«እኔ መጋዘን አላውቅም» አለች። «አንቺ ለጥፊልኝ።» ይህን ብላ ወደ ደረጃው ሄደች፤ መምህርቷ ተነስታ ቦርሳዋን ተቀበለቻት።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመጋዘኑ አንድ ብልቃጥ መረጥኩ፤ ክዳኑ ላይ ኤክስ፣ ሆዱ ላይ «ስም እዚህ» ያለበት። በነጭ ጨርቅ ጠርጌ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ወጣሁ። ዶክተሯ ለሐኪሙ ነግራልኝ ነበር፤ ለሰከንድ ግን ማንም አልነገረውም። በሩ ላይ ቆሜ እያለሁ ስልኬ ጠራ።

«እትዬ፣ መጋዘን የለሽም አሉኝ። የት ነሽ?»

«ቀዶ ሕክምና በር ላይ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«የሥጋው ባለቤት» አልኩት። «አንድ ብልቃጥ ነው። ከፈለግህ ቁጠርልኝ፣ ዘጠና ሰከንድ አይፈጅም።» እንደ ድሮው ባለ ድምፅ «በይ እሺ፣ ጨርሰሽ ነይ» አለኝና ዘጋው።

በተሽከርካሪ አልጋ አመጧት። አረንጓዴ ቆብ አድርገውላታል፤ ያለ መርፌዎቿ ደረቷ ባዶ ሆኖ ታየኝ። ብልቃጡን ፊት ለፊቷ ያዝኩት። ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ሆዱ ላይ ለጠፍኩ፣ በአውራ ጣቴ ከዳር እስከ ዳር አጠበቅሁትና እንድታየው አስጠጋሁላት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፊደል በፊደል አነበበችው።

«የኔ ነው» አለች። ከዚያ በሩ ተከፈተና አስገቧት።